የእማዬ ቁስልና የእኔ ይሉኝታ

እማዬ ከሆስፒታል በወጣች በአራተኛው ቀን ቤታችን በጠያቂ ሞልቶ ነበር። ሶፋው አልበቃ ብሎ ልጆቹ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ቡናው ሁለተኛ ደርሷል። ለእማዬ የእህት ያህል የሆኑ አንዲት የሰፈራችን እናት ከለቅሶ ቤት በቀጥታ መጡ። ገና ከመግባታቸው አቅፈው ሳሟት። ከዚያ አጠገቧ ቁጭ አሉና ጋቢዋን ገለጥ አድርገው፣ «እስቲ የት ጋ ነው የቀደዱሽ?» እያሉ ብብቷ ሥር ያለውን ፋሻ በጣታቸው ዳበስ አደረጉት። ጠርዙ ተላጦ ስለነበር በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን እያደረጉ መልሰው ለጠፉት።

እኔ የቡና ስኒ ይዤ ቆሜ አይ ነበር። «እማማ፣ እባክዎ መጀመሪያ እጅዎን ይታጠቡ» የሚለው ቃል ጉሮሮዬ ድረስ መጣና እዚያው ቀረ። እንዴት ብዬ ልናገር? እናቴን ሊጠይቁ በእግራቸው የመጡ፣ እኔን አዝለው ያሳደጉ ሴት ናቸው። «ታጠቡ» ማለት «ቆሻሻ ነዎት» ማለት መስሎ ታየኝ። ስኒውን አቀበልኳቸውና ዝም አልኩ።

ከአራት ቀን በኋላ የእማዬ ቁስል አመረቀዘ።

የእኚያ እናት እጅ ይሁን፣ የእኔ እጅ ይሁን፣ ወይስ ከሆስፒታሉ ጀምሮ አብሮን የመጣ ነገር፣ አላውቅም። ሐኪሙም ይህን መለየት እንደማይቻል ነግረውኛል። እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነው። ቁስሉን ለመጠበቅ ማድረግ የነበረብኝን ግማሹን ባለማወቅ፣ ግማሹን ደግሞ በይሉኝታ ሳላደርገው ቀርቻለሁ። ይህን የምጽፈው በየቤታችሁ እናት፣ አባት ወይም አያት እያስታመማችሁ ያላችሁ እንዳትደግሙት ብዬ ነው።

ስኳርና ምላጭ

እማዬ የ66 ዓመት ሴት ናት፤ የምትኖረው ደብረ ብርሃን ነው። በግራ ጡቷ ላይ የወጣውን ጓጓላ «ልጆቼን ምን አስጨነቃቸው» ብላ ለስምንት ወር ደብቃን ኖራለች። አዲስ አበባ አምጥተን ሲመረመር ካንሰር መሆኑ ታወቀ። ጡቷ እንዲወጣና በብብቷ ያሉት የሊምፍ እጢዎች እንዲነሱ፣ ቁስሉ ሲድን ደግሞ ኬሞቴራፒ እንድትጀምር ተወሰነ።

በቀጠሮው ቀን ስኳሯ ከፍ ብሎ ተገኘ። ሐኪሙ ቀዶ ሕክምናውን በ10 ቀን አራዘሙት። እኔና ወንድሜ ተናደድን። ካንሰር ያለባት ሴት ለስኳር ተብላ እንዴት ትመለሳለች? ኋላ ላይ ነው የገባን። በደም ውስጥ ያለው ስኳር ሲበዛ ነጭ የደም ሴሎች ተህዋስያንን የመዋጋት አቅማቸው ይደክማል፤ ቁስልም ቶሎ አይገጥምም። ሐኪሙ በእነዚያ 10 ቀናት ቁስሉን ገና ሳይቀዱት ማከም ጀምረው ነበር።

በዋዜማው ምሽት እማዬን በሳሙና አጠብኳት። ይህን በትክክል አድርጌያለሁ። ቀጥሎ ግን «ንጹሕ ሆና ትግባ» ብዬ ብብቷን በምላጭ ላጨኋት። ጠዋት ሲስተሯ ብብቷ ላይ ሁለት ትንንሽ ጭረቶችን አየችና፣ «ማን ላጫት?» አለች። እኔ ነኝ አልኩ። ደግ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

ሲስተሯ ሳትቆጣ አስረዳችኝ። ምላጭ ዓይን የማያያቸውን ጭረቶች በቆዳ ላይ ይተዋል፤ በእነዚያ ጭረቶች ውስጥ ባክቴሪያ ገብቶ ያድራል። ስለዚህ ፀጉር ካላስቸገረ አይነካም። የግድ መነሳት ካለበትም በሆስፒታሉ ውስጥ በመቁረጫ ማሽን ይቆረጣል እንጂ በምላጭ አይላጭም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው የቀዶ ሕክምና ኢንፌክሽን መከላከያ መመሪያም ይህንኑ ይላል። መመሪያው ከቀዶ ሕክምና በፊት ገላ መታጠብንም ይመክራል፤ ለዚህ ተራ ሳሙናም ይበቃል።

«ምች ነው»

ቀዶ ሕክምናው በሰላም ተጠናቀቀ። እማዬ በሦስተኛው ቀን ከጎኗ ሐኪሞች ድሬን የሚሉት ፈሳሽ ማውጫ ቱቦ እንዳለ ወደ ቤት ተመለሰች። ሲስተሯ ምክሩን በችኮላ ነገረችኝ፤ ከኋላችን ብዙ ሰው ይጠብቅ ነበር። እኔም «ገባኝ» አልኩ። ግማሹ አልገባኝም ነበር። ደግማ እንድትነግረኝ ለመጠየቅ ግን አፈርኩ።

ወንድሜ በበኩሉ «እንዳያመረቅዝ» ብሎ ሐኪም ያላዘዘውን አሞክሳሲሊን ከፋርማሲ ገዝቶ መጣ። ለእማዬ ጠዋትና ማታ ሰጠናት። መድኃኒቱን አምነን ሌላውን ነገር ችላ አልን።

በስምንተኛው ቀን እማዬ ምግብ አልበላ አላት። በበነጋው ጋቢ ደርባ ትንቀጠቀጥ ጀመር። ስጠይቃት፣ «ምች ነው፤ በረንዳ ላይ ፀሐይ መቶኝ ነው። ዳማከሴ አሽትቱኝና ይለቀኛል» አለችኝ። ዳማከሴው መጣ። ቁስሉን ልየው ስላት፣ «ሲስተሯ አትነካኩት ብላለች» ብላ ከለከለችኝ። የእውነት ምክንያቷ ሌላ እንደነበር በኋላ ነግራኛለች፤ ሥራ አስፈትቼሻለሁ፣ ገንዘብ አስጨርሼሻለሁ ብላ ስለምታስብ ሌላ ወጪ ላለመጨመር ነበር። እኔ በይሉኝታ ሰው ሳላስታጥብ ቀረሁ፤ እሷም በይሉኝታ ትኩሳቷን ደበቀች።

ነገሩን ያወጣችው የስምንት ዓመቷ ልጄ ናት። በ11ኛው ቀን ማታ አያቷ አጠገብ ተኝታ ነበር። ተነስታ መጣችና፣ «እማዬ፣ የእማማ እጅ እሳት ነው፤ ጋቢያዋም ይሸታል» አለችኝ። ፋሻውን ስገልጠው በስፌቱ ጫፍ መግል ወጥቷል። ዙሪያው አብጦ ያብረቀርቃል። ቴርሞሜትሩ 38.9 አሳየ። ሌሊቱን በታክሲ ወሰድናት።

ቁስሉ የያዘው ቀጠሮ

ሐኪሙ ከስፌቱ ከፊሉን ፈትተው መግሉን አፈሰሱት። የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራ ለማወቅ ናሙና ወደ ላቦራቶሪ ላኩ። አንቲባዮቲክ በደም ሥር ተጀመረ። እማዬ ዘጠኝ ቀን ተኛች።

ከዚያ በኋላ የሰማሁት ነው በጣም ያስደነገጠኝ። ኬሞቴራፒው ሊጀመር አልቻለም። ኬሞ የካንሰር ሴሎችን ሲያጠቃ ነጭ የደም ሴሎችንም ያሳንሳል። ያመረቀዘ ቁስል ያለበትን ሰው ኬሞ መስጠት ጠላት በር ላይ ቆሞ ዘበኛን ማሰናበት ነው። ስለዚህ ቁስሉ እስኪድን ሕክምናው በአምስት ሳምንት ተራዘመ። እኛ ቁስል ማመርቀዝ ጥቂት ሕመምና ጥቂት መድኃኒት ብቻ መስሎን ነበር። በካንሰር ታማሚ ላይ ግን ዋናውን ሕክምና ከቀጠሮው ያስቀረዋል።

«ጥፋቱ የማን ነው?» ብዬ ሐኪሙን ጠየቅኳቸው።

«ጥፋተኛ አትፈልጊ» አሉኝ። «አብዛኛውን ጊዜ ቁስል የሚያመረቅዘው በታማሚው በራሱ ቆዳ ላይ በሚኖር ባክቴሪያ ነው። በእጅ፣ በጨርቅ፣ በዕቃም ይመጣል። የእናትሽ ዕድሜ፣ ስኳሩ፣ በብብት በኩል የተነሱት እጢዎች፣ ሁሉም ይጨምሩበታል። የሚቻለውን በር መዝጋት ነው የእኛ ሥራ። አንዳንዱን በር እኛ እንዘጋለን፤ አንዳንዱን እናንተ።»

ሐኪሞቹ የሚዘጉት በር ቀላል አይደለም። አንቲባዮቲክ የሚሰጠው ከመቀደዱ በፊት በሁለት ሰዓት ጊዜ ውስጥ ነው፤ ቢላዋው ቆዳውን ሲነካ መድኃኒቱ ቀድሞ በደም ውስጥ መገኘት አለበት። ቀዶ ሕክምናው ካለቀ በኋላ ግን «ለመከላከል» ተብሎ አንቲባዮቲክ ለቀናት መቀጠል እንደማይጠቅም የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በግልጽ ይናገራል። ወንድሜ ገዝቶት የመጣው አሞክሳሲሊን አልጠቀማትም፤ ይልቁንም መድኃኒት የለመዱ ባክቴሪያዎች እንዲተርፉ መንገድ ይከፍታል።

ችግሩ የእኛ ቤት ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ቀዶ ሕክምና ከሚደረግላቸው 100 ሰዎች 11 ያህሉ ኢንፌክሽን ይይዛቸዋል። መከላከል እንደሚቻል ደግሞ እዚሁ አገራችን ታይቷል። ላይፍቦክስ የተባለው ድርጅት «ክሊን ከት» በሚል ስም ከኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ጋር የጀመረው ሥራ እጅንና ቆዳን በሚገባ ማጽዳት፣ የዕቃዎችንና የጨርቆችን ንጽሕና ማረጋገጥ፣ አንቲባዮቲክን በሰዓቱ መስጠትና የመሳሰሉትን ተራ የሚመስሉ ነገሮች ሳይዘለሉ እንዲሠሩ የሚያደርግ ነው። በተሞከረባቸው ሆስፒታሎች ኢንፌክሽኑ በሲሶ ያህል ቀንሷል።

እጅ መታጠብን በተመለከተ ይሉኝታ የያዘኝ የመጀመሪያዋ ሰው እኔ እንዳልሆንኩም ተማርኩ። እ.ኤ.አ. በ1847 ቪየና ውስጥ ኢግናዝ ሰመልዋይስ የተባለ ሐኪም ሬሳ መርምረው ወደ ማዋለጃ ክፍል የሚሄዱ ሐኪሞች እጃቸውን በክሎሪን ውሃ እንዲታጠቡ አዘዘ። በክፍሉ ከ100 ወላዶች ከ10 በላይ የሚሞቱበት ጊዜ ነበር፤ ከመታጠቡ በኋላ ቁጥሩ ወደ አንድና ሁለት ወረደ። ሆኖም ብዙ ሐኪሞች «የእኛ እጅ ነው ወይ የገደለው?» ብለው ተቀየሙት። «ታጠብ» መባል ያኔም ያስቀይም ነበር።

ማስታጠቢያው በር ላይ

እማዬ ለሁለተኛ ጊዜ ወደ ቤት ስትመለስ አንድ ነገር አሰብኩ። እኛ እኮ እጅ ማስታጠብ የምናውቅ ሕዝብ ነን። እንግዳ ሲመጣ፣ ማዕድ ሲቀርብ፣ ከቤቱ ልጅ አንዱ ማስታጠቢያና ጆግ ይዞ ይዞራል። ማንም «ቆሻሻ ተባልኩ» ብሎ አይቀየምም፤ መከበር ነው። ታዲያ ከማዕድ በፊት የሚደረገውን ለምን ከታማሚ በፊት አላደርገውም?

በበሩ አጠገብ በርጩማ አስቀመጥን። በላዩ ሳሙና፣ ንጹሕ ፎጣና ጆግ። ውሃ በሰፈራችን በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ስለሚመጣ አንድ ጀሪካን «የእማማ» ተብሎ ተለየ፤ ለሌላ አይነካም። ልጄ ፎጣውን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ የሚገባውን ሁሉ ታስታጥባለች።

መጀመሪያ የመጡት እኚያ እናት ነበሩ። ልቤ መታ። ልጄ ጎንበስ ብላ ውሃ አፈሰሰችላቸው። እሳቸውም በሳሙና ደህና አድርገው ታጥበው፣ «እደጊ! ተባረኪ!» ብለው መርቀዋት ገቡ። በቃ። ያን ያህል ቀን የፈራሁት ነገር ይኸው ነበር።

ያኔ ፍልሰታ ገብቶ ነበር። እማዬ ልጹም አለች። ቁስል እንዲገጥም ሰውነት ፕሮቲን ይፈልጋል ብንላት አልሰማችንም። የንስሐ አባቷን በስልክ አገናኘናት። «ታማሚ አይጾምም፤ ብይ፤ ስትድኚ ትጾሚያለሽ» አሏት። እንቁላሉን የበላችው ከዚያ በኋላ ነው።

ከሐኪሙና ከሲስተሯ የተማርኩት

በሁለተኛው ዙር ደብተር ይዤ ሄጄ ነበር። ያልገባኝን ደጋግሜ ጠየቅኩ። የጻፍኩት እነሆ። የየታማሚው ሁኔታ ስለሚለያይ የራሳችሁ ሐኪም የሚላችሁ ይቀድማል።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት፦ ስኳር ካለ ይስተካከል፤ ሲጋራ የሚያጨስ ቢያንስ ከአራት ሳምንት በፊት ያቁም። በዋዜማው ወይም በዕለቱ ጠዋት ገላን በሳሙና መታጠብ፤ ከዚያ በኋላ ቅባትም ቅቤም አለመቀባት። በምላጭ አለመላጨት። ለመድኃኒት አለርጂ ካለ፣ በገላ ላይ ቁስል ወይም እባጭ ካለ፣ ሳይደብቁ መናገር።

በሆስፒታል፦ ቁስሉን የሚነካ ማንኛውም ሰው አስቀድሞ እጁን ማጽዳት አለበት። ለመናገር ከከበዳችሁ የእጅ ማጽጃ አልኮል አልጋው አጠገብ አስቀምጡና «ይኸው ሲስተር» ብላችሁ አቀብሉ። አስታማሚም ቢሆን አልጋው ላይ አይቀመጥ፤ ፋሻውን አይነካ።

በቤት፦ ፋሻው ሐኪም እስካዘዘው ቀን ድረስ አይከፈት፤ ከራሰ ወይም ከቆሸሸ በጤና ተቋም ይቀየር። ከመንካት በፊትም በኋላም እጅ በሳሙና ይታጠብ። ድሬን ካለ ጠርሙሱ ከቁስሉ ዝቅ ብሎ ይቀመጥ፤ የፈሳሹ መጠንና መልክ በየቀኑ ይጻፍ፤ ቱቦው እንዳይጎተት ይጠበቅ። ቁስል ላይ ማር፣ ቅቤ፣ የቡና ዱቄት፣ ቅጠል አይደረግ። ሐኪም ያላዘዘው አንቲባዮቲክ አይወሰድ፤ የታዘዘው ደግሞ ተሻለኝ ተብሎ አይቋረጥ። አንሶላና የውስጥ ልብስ በየጊዜው ይታጠብ፤ ፀሐይ ላይ በደንብ ይድረቅ። ጉንፋን የያዘው ጠያቂ በስልክ ይጠይቅ። ከብብት እጢ የተነሳላት ሴት በዚያ በኩል ያለውን እጅ ከመቆረጥና ከመቃጠል ትጠብቀው፤ ሽንኩርት መክተፉንና ምጣዱን ለሌላ ትተው።

ቶሎ ወደ ሐኪም የሚያስኬዱ ምልክቶች፦ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ማለት፤ እየቀነሰ መሄድ ሲገባው የሚጨምር ሕመም፤ እየሰፋ የሚሄድ እብጠትና ሙቀት፤ መግል፤ መጥፎ ሽታ፤ የስፌት መከፈት። በጠቆር ያለ ቆዳ ላይ መቅላቱ ላይታይ ይችላል፤ ስለዚህ መጥቆሩን፣ ማብረቅረቁንና መሞቁን ተመልከቱ። ኢንፌክሽን ከቀዶ ሕክምናው በኋላ እስከ 30 ቀን ድረስ ሊመጣ ስለሚችል በሁለተኛው ሳምንት አትዘናጉ። ኬሞ የጀመረ ሰው ትኩሳት ከያዘው ደግሞ ነገ አይባልም፤ በዚያው ሰዓት፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ወደ ሆስፒታል ነው።

ቴርሞሜትር ግዙ። እጅን ግንባር ላይ አድርጎ መገመት እኛን አታሎናል። እናቶቻችንና አባቶቻችን ደግሞ «ምንም አልሆንኩም» ማለት ይቀናቸዋል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለውን ተረት ለእኛ ያስተማሩን እነሱ ናቸው፤ በራሳቸው ሲመጣ ግን ይረሱታል። «አሞሻል?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም። ጠዋትና ማታ ለኩ፤ ጻፉ።

እማዬ ኬሞዋን በጥር ጨርሳ ደብረ ብርሃን ተመለሰች። ክትትሏ አልቋረጠም፤ በየሦስት ወሩ እየመጣች ትታያለች። ባለፈው ሳምንት ደወለችልኝ። የጎረቤቷ ባል የሆድ ቀዶ ሕክምና አድርገው ተመልሰው ሊጠይቋቸው ሄዳ ነበር።

«ሰው ሁሉ ዝም ብሎ እየገባ ይስማቸዋል» አለችኝ። «እኔ በር ላይ ቆምኩና ማስታጠቢያ አምጡ አልኩ።»

«ተቀየሙሽ?» አልኳት።

«ምን ያስቀይማቸዋል? ልጅየው አስታጠበን፤ መረቅነውና ገባን።»